በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተራራ፦ ብር ለመቆጠብ ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

አውሮፕላን ሳይሳፈሩ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነስተው የሚደርሱበት 5 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ጫፍ አለ። ፖይንት ሌናና ይባላል፤ ከፍታው 4,985 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሽንን ከ400 ሜትር በላይ ይበልጠዋል። ከኬንያ ተራራ ጫፎች ሦስተኛው ሲሆን፣ ባቲያንና ኔሊዮን የሚባሉት ሁለቱ ገመድና የዓለት መውጣት ሙያ ሲፈልጉ እሱ በእግር ይወጣል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። በትንሽ ገንዘብ ውጭ አገር ተራራ ልውጣ ለሚል ሰው ከዚህ የሚቀርብ አላውቅም።

ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጫፉ ሳይደረስ ቀረ። የቀረው ገንዘብ አንሶን ሳይሆን የአንድ ሌሊት ወጪ ለማትረፍ ስንል ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ለመቆጠብ ሲያስብ ስለማይ ነው ይህን የምጽፈው።

ፋሲካን ጠብቆ መነሳት

እረፍት የምናገኘው በበዓል ስለሆነ ብዙ ሰው ጉዞውን ፋሲካ ሰሞን ያደርገዋል። ኬንያ ውስጥ ግን ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ድረስ ረጅሙ ዝናብ የሚወርድበት ጊዜ ነው። መንገዱ ይጨቀያል፤ ጫፉ ቀኑን ሙሉ በደመና ተሸፍኖ ይውላል። ጥሩው ወቅት ከገና በኋላ ያሉት ጥርና የካቲት፣ ከዚያ ደግሞ የኛ ክረምት ነው። እኛ ሐምሌና ነሐሴ ጃንጥላ ይዘን ስንሮጥ እዚያ በአብዛኛው ደረቅ ነው። ለተማሪና ለመምህር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

ያለ ማህተም ድንበር መሻገር

ሞያሌን ድንበሩ መሐሏን ይከፍላታል። የአገሬው ሰው ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሰርግ ወዲያና ወዲህ ሲል ታያላችሁ። ደላላም ጠጋ ብሎ «ሰልፉ ምን ያደርግላችኋል፣ በዚህ በኩል ኑ» ማለቱ አይቀርም። እንዳትሰሙት። ቪዛ አይጠየቅም ማለት ማህተም አያስፈልግም ማለት አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን ደቡብ አፍሪካ ለመግባት በዚሁ መንገድ በስውር ስለሚያልፉ፣ የኬንያ ፖሊስ በየኬላው የኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ገልጦ የሚፈልገው የመግቢያውን ማህተም ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላ የሁለቱንም አገር ጉዳይ አንድ ቦታ ስለሚጨርስ ሰልፉ ያን ያህል አያስመርርም።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዙ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከአዲስ አበባ ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ጸጥታ ሰሞኑን ከተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ።

ናይሮቢ ወርዶ እንደገና መመለስ

ካርታውን ዘርግታችሁ እዩት። ከሞያሌ የሚነሳው አስፋልት በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አልፎ የተራራው ግርጌ ላይ ያለችውን ናንዩኪን ያገኛል። ናይሮቢ ከናንዩኪ በኋላ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራታል። ናይሮቢ ገብቶ፣ አድሮ፣ በማግስቱ ወደ ናንዩኪ መመለስ ማለት 400 ኪሎ ሜትር በከንቱ መሄድ ነው። ትኬት ስትቆርጡ ኢሲዮሎ ወይም ናንዩኪ እንደምትወርዱ ተናገሩ። ከኢሲዮሎ ናንዩኪ በማታቱ፣ ማለትም በኬንያው ሚኒባስ ታክሲ፣ ቅርብ ነው።

ድንበሩን እንዳለፋችሁ በፓስፖርታችሁ የኬንያ ሲም አውጥታችሁ ኤም-ፔሳ ክፈቱ። አገር ቤት ያለው ኤም-ፔሳችሁ ሌላ ሂሳብ ነው። ማታቱው፣ ሻዩ፣ መኝታው በስልክ ይከፈላል፤ የፓርኩ በር ላይ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። የመግቢያው ዋጋ በዜግነት ስለሚለያይ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ዜጎች የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ዋጋ አይታችሁ በጀት አትያዙ፤ ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል አይደለችም። ክፍያው የሚታሰበው በቀን ነው። የሚቀጥለው ስህተት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

«እኛ ደገኞች ነን»

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከፍታ የሚጎዳው ፈረንጁን ብቻ ይመስለናል። ደጋ ላይ መኖር ትንሽ ያግዛል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ግን ዋስትና አይሆንም። እኔና ጓደኛዬ ሲሪሞን በሚባለው የፓርኩ በር ገባን። በሩ 2,650 ሜትር ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ኦልድ ሞሰስ በሚባለው የተጓዦች ማደሪያ፣ 3,300 ሜትር ላይ አደርን። መሪያችን እዚያው አንድ ቀን እንድንጨምር መክሮን ነበር፤ የአንድ ቀን መግቢያና የመኝታ ወጪ ብለን እምቢ አልን። በሁለተኛው ቀን ቀጣዩ ማደሪያ ሺፕተንስ ገባን፤ 4,200 ሜትር ነው። በመንገዳችን ላይ የነበሩት ግዙፍ ሎቤሊያዎች የስሜን ጅብራ ዘመዶች ስለሆኑ አገራችን ያለን ያህል ተሰምቶን እየዘፈንን ነበር የሄድነው።

ማታ ራሴን ወጋኝ፤ የጠጣሁትን ሾርባ መለስኩት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለጫፉ ስንነሳ ጓደኛዬ የጫማውን ክር ማሰር አቃተው። ክሩን ይይዛል፣ ቀዳዳውን ያየዋል፣ እጁ ግን ይስተዋል። መሪያችን ምንም ሳይናገር መሬቱ ላይ በጫማው መስመር አሰመረና ተረከዝን ከጣት እያገጣጠመ እንዲራመድበት ነገረው። ጓደኛዬ በሦስተኛው እርምጃ ተንገዳግዶ ግድግዳውን ያዘ። ሚዛን መሳት ከፍታው አንጎልን መንካት እንደ ጀመረ የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ለዚያ ዋናው መድኃኒት ወዲያው መውረድ ነው። እኛም በባትሪ ብርሃን ወረድን። ኦልድ ሞሰስ ስንደርስ ጸሐይ ወጥታ ነበር፤ ጓደኛዬም ሻይ ጠይቆ ጠጣ።

ተራራ የሚወጡ ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር ግልጽ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በኋላ የምታድሩበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ከኦልድ ሞሰስ ሺፕተንስ ግን 900 ሜትር ነው። ኦልድ ሞሰስ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ መሐል ባለው ቀን ወደ ላይ ውጡና ተመልሳችሁ እዚያው ተኙ። አሴታዞላማይድ የሚባለው ክኒን ሰውነት ከከፍታው ጋር ቶሎ እንዲለማመድ ይረዳል፤ ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ሐኪም ጠይቁ። በበጀታችሁ መጀመሪያ ይህቺን ሌሊት አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ከሌላው ቀንሱ።

ጋቢን ለብሶ መውጣት

ጋቢ ጥጥ ነው። ደረቅ ሳለ የሚያህለው የለም፤ በላብ ወይም በጉም ሲርስ ግን ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀታችሁንም ይወስዳል። እዚያ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጋቢውን ለመኝታ ተዉትና ለመንገድ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ልበሱ። ጂንስ በጭራሽ። የመኝታ ከረጢት፣ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ናንዩኪ ይከራያል፤ መግዛት አያስፈልግም። ጫማ ግን የራሳችሁ ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ወር እንጦጦ የተራመዳችሁበት። ለጫፉ ስትነሱ የውሃ ጠርሙሳችሁን ገልብጣችሁ ያዙ፤ ውሃ ከላይ ስለሚጀምር መርጋት አፉ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ምስር ተሸክሞ መሄድ

ሺፕተንስ ላይ ውሃ የሚፈላው 86 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምስር ወይም ሩዝ ይንተከተካል እንጂ ቶሎ አይበስልም፤ ጋዛችሁ ያልቃል። የኛ ስንቅ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በሶ እሳት አይፈልግም። ድርቆሽ ቀላል ነው፤ ሙቅ ውሃና በርበሬ ይበቃዋል። ቆሎ ኪስ ውስጥ ይያዛል፤ ለጾመኛም ይመቻል። ስንቃችሁን ግን አስራችሁ ስቀሉት፤ የሺፕተንስ ሽኮኮዎች ከሰው ጋር ተላምደዋል፤ የቦርሳ ዚፕም አያግዳቸውም።

መሪ አያስፈልግም ማለት

ብቻውን የመጣ ሰው በበሩ አያልፍም። ፈቃድ ያለው መሪ ናንዩኪ ታገኛላችሁ፤ መታወቂያውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ዋጋውን በቀን ተነጋገሩ። የተሸካሚውን ቀን ወጪ ለመቁረጥ አትከራከሩ። ሌሊት ከጓደኛዬ ጋር ስንወርድ የሁለታችንንም ቦርሳ ደርቦ ከፊታችን የወረደው እሱ ነበር።

በገባችሁበት በር ካልሆነ፣ ለምሳሌ በቾጎሪያ በኩል ከወረዳችሁ፣ መዝገቡ ላይ መውጣታችሁን አስመዝግቡ። ስማችሁ ክፍት ከቀረ ጠፍተዋል ብለው ፍለጋ ይወጣሉ።