ማለዳ አልነሳ ያለ ሞተርሳይክል፦ ችግሩና መፍትሄው

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ኮርቻው ላይ ውርጭ ሲያድር ሞተርሳይክል አልነሳ ማለቱ የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ምክንያቱን ሳይለዩ ሞተሪኖውን (ሞተሩን በባትሪ የሚያስነሳውን) ደጋግሞ በመጫን ነው። ምክሩ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ላላቸው ሞተርሳይክሎች ነው።

ሞተሪኖው ሲጫን ድምፅ ከሌለ፦ ቀዩ የሞተር ማጥፊያ ተዘግቶ ይሆናል፤ ልጆች ይነካኩታል። የጎን ማቆሚያውን ወደ ላይ ይመልሱ፣ ፍሪሲዮኑን (በግራ እጅ የሚጨበጠውን) ይያዙ፣ ከዚያም ፊውዙን ይመልከቱ።

ጠቅ ጠቅ ብሎ የሚቀር ከሆነ፦ ባትሪው ደክሟል፣ አለያም የሽቦዎቹ ማሰሪያ ላልቷል ወይም ዝጓል። ቁልፉን ዘግተው ማሰሪያዎቹን ይጥረጉና ያጥብቁ። በእግር መርገጫ ማስነሳትም ይቻላል፤ ነገር ግን ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን በአረንጓዴዋ መብራት ብቻ ሳይሆን ፍሪሲዮኑን ሳይዙ ወደፊትና ወደኋላ ገፋ አድርገው ያረጋግጡ። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ማለዳ ብረግጠው አንደኛ ማርሽ ላይ ኖሮ ተስፈንጥሮ ከቆርቆሮው በር ጋር አላተመኝ፤ ቁርጭምጭሚቴን ብርድ ሲሆን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልተነሳ፦ መልሱ ያለው ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያነደው) ላይ ነው። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ የነዳጁ መክፈቻ ተዘግቷል፣ ወይም በሃይላንድ የተገዛው ቤንዚን ይዞት የመጣው ቆሻሻ ማጣሪያውን ደፍኖታል። ረጥቦ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቾኩ (ለብርድ ማስነሻ አየሩን የሚቀንሰው) ትንሽ ሲበዛበት እንኳ ቤንዚኑ አየሩን ይበልጠዋል። ካንዴላውን አድርቀው ይመልሱ፣ ቾኩን ያጥፉ፣ የጋዙን እጀታ እስከ መጨረሻው ከፍተው ጥቂት ጊዜ ይርገጡ፣ እንደተነሳ ጋዙን ወዲያው ይልቀቁ። ካንዴላው ወጥቶ ሳለ ግን ሞተሪኖውን አይጫኑ፤ የሚተነውን ቤንዚን አንድ ብልጭታ ያነደዋል። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ5 ሰከንድ በላይ አይጫኑት፤ በመካከሉም ያሳርፉት።

ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፦ ቾኩን ቶሎ አጥፍተውታል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ይመልሱት። ይህን ሁሉ ግን ደጅ አውጥተው ያድርጉት። ሌባ ፈርቶ ሞተሩን መኝታ ክፍሉ የሚያሳድር ሰው፣ ብርዱን ሸሽቶ እዚያው ቢያሞቀው ከማርሚታው የሚወጣው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የከሰል ጭስ የሚገድልበት ያው ጋዝ ነው። እየገፉ ከበሩ ውጭ ያውጡት፣ ከዚያ ቁልፉን ይክፈቱ።