አዲስ ዝርያ አገኘን ከማለታችሁ በፊት

ቅሪተ አካል ማግኘት ዕድልም ትዕግሥትም ይጠይቃል። ስም ማውጣት ግን ይብሳል። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ መሠረት አንዴ የወጣ ስም ባለቤቱን ቢያሳፍርም ከመዝገብ አይፋቅም። ከታች ያሉት ስህተቶች ከጀማሪም ከአንጋፋም እጅ የሚወጡ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ጥርስ መስከር

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። የተሰበረ መንጋጋ ወይም አንድ ጥርስ ይገኛል። አፈሩ በደንብ ሳይራገፍለት «አዲስ ዝርያ ነው» ይባላል። ለምን ሲባል፣ «ከታወቁት ይለያል»። ይለያል እንጂ! የእናንተስ ጥርስ ከወንድማችሁ ጥርስ አይለይም?

በ1922 አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን ከነብራስካ የመጣ አንድ ጥርስ ተመለከቱና ሄስፔሮፒቴከስ ብለው ሰየሙት። በሰሜን አሜሪካ ሰው መሰል ፍጡር ተገኘ ተባለ። አንድ የለንደን ጋዜጣም ከዚያች ጥርስ ተነስቶ ወንድና ሴቱን ከነአካባቢያቸው አሥሎ አወጣ። ቦታው እንደገና ተቆፍሮ ሌሎች አጥንቶች ሲገኙ ነገሩ ተበላሸ። ጥርሱ ፔካሪ የሚባል የአሳማ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። በ1927 ማስተባበያ ታተመ። ኦስቦርን ደግሞ ጀማሪ እንዳይመስሏችሁ። ቲራኖሳውረስ ሬክስን በ1905 የሰየሙት እሳቸው ናቸው።

አንድ አጥንት ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ብዙ ነው። ዕድሜ አለ፣ ፆታ አለ፣ በሽታ አለ፣ ሚሊዮን ዓመት የተጫነው ድንጋይ አለ። እነዚህ ሁሉ ተፈትሸው ሲያልቁ ነው አዲስ ዝርያ የሚታሰበው። የእኛ ልጆች ግን ከመጨረሻው ይጀምራሉ።

ድራኮሬክስና ስቲጊሞሎክ የተባሉትን ዳይኖሰሮች ተመልከቱ። ሁለቱም የየራሳቸው ስም ነበራቸው፤ አናታቸውም በሾህ መሰል ቀንዶች የታጠረ ነው። በ2009 ሁለት ተመራማሪዎች የአጥንቱን ውስጥ መርምረው «እነዚህ እኮ ገና ያላደጉ ፓኪሴፋሎሳውረሶች ናቸው» የሚል ጥናት አወጡ። በእነሱ አባባል እንስሳው ሲያድግ ቀንዱ እየደነዘ፣ አናቱ ደግሞ እያበጠ ይሄዳል። ዛሬ ብዙ ባለሙያ ይህን ይቀበላል። ሦስት እንስሳ የነበረው አንድ ሆነ ማለት ነው።

የድንጋዩ ጫናም ቀልድ አይደለም። በ2001 የተሰየመው የሰው ዘር ጥንታዊ ዘመድ፣ ጠፍጣፋ ፊቱ ከሌሎች ለየው የተባለው ኬንያንትሮፐስ ፕላቲዮፕስ፣ የራስ ቅሉ በትናንሽ ስንጥቆች ተበጣጥሶ፣ በየስንጥቁ ባዕድ ነገር ገብቶበት ነው የተገኘው። ጠፍጣፋው ፊት የተፈጥሮው ነው ወይስ መሬት ውስጥ ያገኘው? ክርክሩ ከዚያ ወዲህ አልበረደም።

ምን ይደረግ? ሙዚየም ግቡ። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት አንዱን ምረጡ፣ ጎሪላ ይሁን። በመሳቢያው ያለውን የራስ ቅል ሁሉ ሕፃን ሽማግሌ፣ ወንድ ሴት ሳትሉ ለኩ። በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለው ልዩነት ያስደነግጣችኋል። ከዚያ በኋላ የያዛችሁት ስብርባሪ ከዚህ ስፋት ውጭ መሆኑን አሳዩኝና እናወራለን።

እንዴት እንደሚጠበቅ ለማየት የቡርተሌ እግር ይበቃል። በአፋር፣ ወራንሶ ሚሌ ውስጥ በ2009 የተገኘ፣ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ከፊል እግር ነው። ትልቁ ጣት ቅርንጫፍ ይጨብጣል፤ ስለዚህ የሉሲ ዝርያ አልሆነም። ዶ/ር ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ባልደረቦቻቸው በ2012 ሲያሳትሙት ግን ስም አልሰጡትም። ጥርስም የራስ ቅልም አብሮት አልነበረማ! በ2015 ከዚያው አካባቢ በተገኙ መንጋጋዎች ላይ ተመሥርተው አውስትራሎፒቴከስ ዴይረመዳን ሲሰይሙ እንኳ እግሩን አላስገቡትም። ያገናኟቸው ተጨማሪ ጥርሶችና መንጋጋ ከተገኙ በኋላ፣ በ2025 ነው። ያን ሁሉ ዓመት አፉን መያዝ የሚችል ስንቱ ነው?

ሆሎታይፕን እንደ ፎርማሊቲ ማየት

ሆሎታይፕ ማለት ስሙ የተንጠለጠለበት አንድ ናሙና ነው። ዝርያው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ስሙ የሚከተለው ያንን አጥንት ብቻ ነው። ስለዚህ ያልተጣመመ፣ ያደገ፣ ከሌላ ዝርያ የሚለየውን ክፍል የያዘ ምረጡ። ቆንጆውን ወይም ዝነኛውን ምረጡ አላልኩም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሉሲ ዝርያ የሆነው የአውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ሆሎታይፕ ሉሲ አይደለችም። በ1978 ዝርያው ሲሰየም ለዚህ የተመረጠው ኤልኤች 4 የሚባል መንጋጋ ነው። የመጣው ከሌቶሊ፣ ታንዛኒያ ነው። ሉሲ ከተገኘችበት ከሐዳር፣ አፋር ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በዕድሜም ሉሲን በብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ይበልጣታል። መንጋጋው አስቀድሞ በሥዕልና በገለጻ ታትሞ ስለነበር ምርጫው ምክንያት አልጠፋውም። ግን አስቡት። ነገ አንድ ሰው የሐዳርና የሌቶሊ ቅሪቶች ሁለት ዝርያ ናቸው ብሎ ቢያሳምን፣ አፋረንሲስ የሚለው ስም ታንዛኒያ ይቀራል። አፋር የተገኘችው ሉሲ ሌላ ስም ልትፈልግ ነው። የሆሎታይፕ ምርጫ እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

አንስቶ ኪስ ውስጥ መክተት

አታድርጉት። የብዙ ጥንታዊ አጥንት ዕድሜ የሚታወቀው ከላዩና ከታቹ ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። የተነሳበትን ነጥብ በጂፒኤስ ካልመዘገባችሁ፣ በፎቶ ካላስቀራችሁ፣ የያዛችሁት ዕድሜ የሌለው ድንጋይ ነው። ሱፐር ግሉም ቤት ይቅር። በአሴቶን የሚለቅ የባለሙያ ማጣበቂያ አለ።

ከነጋዴ የመጣን ማመን

ነጋዴ የተሟላ ነገር ውድ እንደሚሸጥ ያውቃል። ስለዚህ ያሟላዋል። በ1999 «አርኪዮራፕተር» ተብሎ ወፍንና ዳይኖሰርን የሚያገናኝ ፍጡር ተገኘ ሲባል ዓለም ተንጫጫ። ሰውነቱ የጥንት ወፍ፣ ጅራቱ የትንሽ ዳይኖሰር፣ ማያያዣው ሙጫ ነበር። ኢሪቴተር የተባለው የብራዚል ዳይኖሰር ደግሞ አፍንጫው በነጋዴ ተቀጥሎ ነው ለሳይንስ የደረሰው። ስሙን ያገኘውም ከተመራማሪዎቹ ንዴት ነው። እንኳን እነሱ እኔም ተናድጃለሁ።

ሕጋዊነቱም ሌላ ራስ ምታት ነው። ኡቢራጃራ የተባለው ዳይኖሰር በ2020 ይፋ ቢደረግም ከብራዚል የወጣበት መንገድ ጥያቄ ስላስነሳ ጽሑፉ ከመጽሔቱ ተሰረዘ። ቅሪቱ በ2023 ወደ ብራዚል ተመለሰ። ፈቃዱን ሳታዩ መለኪያ አታውጡ።

ስሙ የተያዘ መሆኑን አለማጣራት

በ1969 አንድ ዳይኖሰር ሲንታርሰስ ተባለ። ስሙ ግን አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ ለጥንዚዛ ተሰጥቶ ኖሯል። በ2001 የነፍሳት ተመራማሪዎች ደርሰውበት በራሳቸው ፍላጎት ሜጋፕኖሳውረስ አሉት። የዳይኖሰር ሰዎች ጥርሳቸውን አፋጩ። ቀዳሚነት በስያሜ ሕግ ቀልድ አያውቅም፤ ፈትሹ። በተቃራኒው በኩል ከሆናችሁ ደግሞ፣ የተጋጨ ስም ስታገኙ መጀመሪያ ለሰያሚው ንገሩት። ሕጉ ራሱ በሥነ ምግባር ክፍሉ ይህን ይመክራል።

በጠባይ መሰየም

አሁንም ኦስቦርን። በ1923 ሞንጎሊያ ውስጥ አንድ ዳይኖሰር በእንቁላል ክምር ላይ ተገኘ። እንቁላሎቹ የሌላ ዝርያ ናቸው ተብሎ ስለታመነ በ1924 ኦቪራፕተር፣ የእንቁላል ቀማኛ፣ ብለው ሰየሙት። የሚገርመው ስሙ ሊያሳስት እንደሚችል እዚያው ጽሑፍ ላይ ማስፈራቸው ነው። በ1993 ተመሳሳይ እንቁላል ውስጥ ጽንስ ተገኘ፤ የኦቪራፕተር ዘመድ ነበር። እንስሳው ሲሰርቅ ሳይሆን ከእንቁላሎቹ ጋር እንደሞተ ዛሬ ይታመናል። ስሙ ግን አይቀየርም። በአጥንቱ ቅርጽ ወይም በቦታው ሰይሙ፤ ጠባዩን ማንም አላየም።

የቀሩት

በራስ ስም መሰየም በሕግ አልተከለከለም፤ የሥራ ባልደረባ ግን ይስቃል። ለሴት ክብር ሲሰየም የላቲን መጨረሻው ለወንድ ከሚሆነው ይለያል፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ስሙን ከጽሑፉ በፊት ለጋዜጠኛ አትስጡ፤ ያለ ገለጻ የታተመ ስም ባዶ ስም ነው። ኢንተርኔት ላይ ብቻ የምታሳትሙ ከሆነ ሥራው ዙባንክ በተባለው የእንስሳት ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት።

ናሙናውን መደበቅ

በ1912 እንግሊዝ ውስጥ የሰው ቅድመ አያት ነው ተብሎ ይፋ የሆነው ሐሰተኛው የፒልትዳውን ሰው አርባ ዓመት ያታለለው አንዱ ምክንያት፣ ብዙ ተመራማሪ የሚሰጠው ቅጂው እንጂ ዋናው አጥንት ስላልነበረ ነው። በ1953 ዋናው ሲመረመር መንጋጋው የኦራንጉታን፣ ቀለሙ ሰው የቀባው፣ ጥርሱም በሞረድ የተሞረደ ሆነ። ጭረቱ በማይክሮስኮፕ ይታይ ነበር። ስለዚህ ሆሎታይፓችሁን ሌላ ሰው ገብቶ ሊያየው በሚችል ተቋም አስቀምጡ፣ ቁጥር አሰጡት፣ ስካኑንም ከጽሑፉ ጋር ልቀቁ።