የስፖርት ስማርት ሰዓት ባትሪ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ምን ማድረግ ይገባል?

የስፖርት ስማርት ሰዓት ባትሪ ቶሎ እያለቀ ሲያስቸግር ብዙ ሰው ያገኘውን ሁሉ ማጥፋት ይጀምራል። ይህ ግን ሰዓቱን ከጥቅም ውጭ ከማድረግ በስተቀር የሚያስገኘው ነገር ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ባትሪውን በብዛት የሚጨርሱት ጥቂት ሥራዎች ሲሆኑ፣ እርምጃ መቁጠርንና ከስልክ ጋር በብሉቱዝ መገናኘትን የመሳሰሉት የሚወስዱት ኃይል እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ባትሪው የሚያልቀው በልምምድ ላይ ነው ወይስ በተቀረው ጊዜ የሚለውን ይለዩ። ማታ ሲተኙ ስንት በመቶ እንደነበረ ይመዝግቡና ጠዋት ያነጻጽሩ፤ ከሩጫ በፊትና በኋላም እንዲሁ ያድርጉ።

ባትሪው የሚያልቀው በልምምድ ላይ ከሆነ በመጀመሪያ የሚታየው ያሉበትን ቦታ በሳተላይት የሚለየው ጂፒኤስ ነው። በርካታ ሰዓቶች ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ የሚቀበሉ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እያንዳንዱ ሳተላይት በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚልከውን ሲግናል በአንድ ጊዜ ያነብባሉ። ይህ የሁለት ፍሪኩዌንሲ አሠራር ሲግናሉ ግድግዳ እየመታ በሚመለስባቸው ረጃጅም ሕንጻዎች መካከልና በገደላማ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ይጠቅማል። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት መንገድ ላይ ግን ጂፒኤስ ብቻውን ስለሚበቃ ሁለተኛውን ፍሪኩዌንሲ ያጥፉት። ቀኑን ሙሉ ለሚወስድ የእግር ጉዞ፣ ያሉበትን ቦታ በየሰከንዱ ሳይሆን እያረፈ የሚመዘግበውን የቁጠባ ሞድ መምረጥ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ይህ ሞድ ጠመዝማዛውን መንገድ ቀጥ አድርጎ ስለሚቆርጠው ርቀቱን ያሳንሳል። በትራክ ላይ ለሚደረግ የፍጥነት ልምምድ ፈጽሞ አይመከርም።

ከጂፒኤስ ጋር በተያያዘ ብዙዎች የማያስተውሉት ብክነት አለ። የሩጫውን ሞድ ገና ሲመርጡ፣ ማስጀመሪያውን ሳይጫኑ ጭምር፣ ሰዓቱ ሳተላይት መፈለግ ይጀምራል። የሳተላይቶቹን አቀማመጥ የሚያሳየው መረጃ ከስልኩ አስቀድሞ ካልደረሰው ከሳተላይቶቹ ራሳቸው መቀበል ይኖርበታል፤ የጂፒኤስ መረጃ የሚላከው ግን በሰከንድ 50 ቢት ብቻ በመሆኑ የአንዱን ሳተላይት ዝርዝር ለመቀበል 30 ሰከንድ ያህል፣ የሁሉንም ጥቅል መረጃ ለመቀበል ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ሰዓቱን ከስልኩ አፕ ጋር ሲንክ ያድርጉ (መረጃ እንዲለዋወጡ ያገናኙ)፤ ሞዱንም ገላጣ ቦታ ከደረሱ በኋላ ይክፈቱ። ሲጨርሱም ለጊዜው አቁመው ብቻ አይተዉት፤ ሴቭ ያልተደረገ ልምምድ ጂፒኤሱን እንደከፈተ ሊቆይ ይችላል።

ባትሪው በተቀረው ጊዜ የሚያልቅ ከሆነ ወደ ስክሪኑ ይመለሱ። በአሞሌድ ስክሪን ላይ እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ብርሃን ስለምታበራ ጥቁሩ ክፍል ኃይል አይወስድም ማለት ይቻላል፤ ጀርባው ጥቁር የሆነ፣ የሰከንድ ቆጣሪ የሌለውና ጥቂት ነገሮችን ብቻ የሚያሳይ የሰዓት ገጽታ ይምረጡ። ስክሪኑ ሁልጊዜ እንዲበራ የሚያደርገውን ምርጫ ማጥፋት ብቻውን ጉልህ ለውጥ ያመጣል። የፀሐይን ብርሃን እያንጸባረቀ የሚታይ ስክሪን ያለው ሰዓት ግን ሁልጊዜ ክፍት ቢሆንም የሚወስደው ኃይል ጥቂት ስለሆነ፣ በዚያ ላይ መቀነስ ያለበት የጀርባ መብራቱ ነው። በእንቅልፍ ላይ በተገላበጡ ቁጥር ስክሪኑ እንዳይበራም የእንቅልፍ ሞዱን ይጠቀሙ።

ሌሊት ላይ ሌላው ኃይል ወሳጅ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን የሚለካው ሴንሰር ነው። የልብ ምትን ከሚለካው አረንጓዴ መብራት በተለየ፣ ይህ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን ይጠቀማል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲለካ ከተተወ ባትሪውን በግልጽ ስለሚጎዳ፣ ውጤቱን የማይከታተሉት ከሆነ ሲፈልጉ ብቻ እንዲለካ ያድርጉት። የልብ ምት ልኬቱን ግን ባያጠፉት እመርጣለሁ፤ የዕረፍትና የድካም ስሌቶች ሁሉ የሚነሡት ከእሱ ነውና።

ኖቲፊኬሽንን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ መልእክት ስክሪኑንም ንዝረቱንም ስለሚቀሰቅስ፣ ጥሪና አስፈላጊ መልእክቶች ብቻ እንዲያልፉ ይፍቀዱ። ከሰዓቱ በቀጥታ ሙዚቃ ማዳመጥና ያለስልክ በሲም መገናኘት ደግሞ ከባድ ኃይል ይወስዳሉ።

የባትሪው የራሱ ዕድሜ የሚወሰነው በአብዛኛው በአያያዙ ነው። ሊቲየም አዮን ባትሪን በጣም የሚጎዳው ሙቀት ነው፤ 100 በመቶ ሆኖ ለብዙ ቀን መቀመጡም ያስረጀዋል። ሰዓቱን ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ለወራት የማይጠቀሙበት ከሆነም ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርገው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያስቀምጡት። ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ከልምምድ በኋላ ከጀርባው ያሉትን የቻርጅ መገናኛ ነጥቦች በንጹሕ ውኃ ካጠቡና በደንብ ካደረቁ በኋላ ቻርጅ ላይ ያድርጉት፤ ጨዋማው ላብ ብረቱን ይበላዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ባትሪው በድንገት ማሽቆልቆል ከጀመረ በቅርቡ የጫኑትን አፕ ወይም የሰዓት ገጽታ ያጥፉና ሰዓቱን አጥፍተው ያስነሡት። ዕድሜው የገፋ ባትሪ ግን መቀየር አለበት፤ ሰዓቱ ተከፍቶ በትክክል ካልታሸገ ውኃ ስለሚያስገባ ሥራውን ከአምራቹ ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ብቻ ይስጡ።