ከሀዋሳ ወደ ባሕር፦ የክሩዝ ጉዞን ከወደቡ ጀምሮ ማቀድ

የክሩዝ፣ ማለትም በመርከብ የሚደረግ የመዝናኛ ጉዞ፣ ማስታወቂያ መጀመሪያ የሚያሳየው መዋኛ ገንዳውንና በምግብ የተሞላውን ጠረጴዛ ነው። እሱን አልፈው መርከቡ በየትኛው ቀን የትኛው ወደብ ላይ እንደሚቆም የሚናገረውን ሰንጠረዥ ይፈልጉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ዕቅዱ የሚጀምረው ከዚያ ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ወደብ፣ ምናልባትም አንድ ተጨማሪ ቪዛና አንድ የሰዓት ስሌት ይዞ ይመጣል። መርከቡን መምረጥ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ከሀዋሳ ሲታሰብ ቀለል የሚሉት መስመሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የባሕረ ሰላጤው ሲሆን ወቅቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ መርከቡ ብዙውን ጊዜ ከዱባይ ተነስቶ አቡ ዳቢን፣ ዶሃን፣ ሙስካትን የመሳሰሉ ወደቦችን አዳርሶ በሰባት ሌሊት ይመለሳል። በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ መርከቦቹ አካባቢውን ለቀው ይሄዳሉ። ሁለተኛው ሜዲትራኒያን ነው፤ ዋናው ወቅት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በካርታው ላይ ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕር፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በመርከቦች ላይ ጥቃት በመድረሱ ብዙ ኩባንያዎች መስመራቸውን ቀይረውበታል። የባሕረ ሰላጤውም ጉዞ በጸጥታ ምክንያት ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት በዚያ ወቅት መርከቡ በእርግጥ እንደሚጓዝ ያጣሩ።

ቪዛውና ቀብዱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዱባይ ተነስቶ ወደ ዱባይ የሚመለስ መርከብ አንድ ጉዞ ይመስላል፤ በኢሚግሬሽን ዓይን ግን መርከቡ ዶሃ ወይም ሙስካት ሲደርስ ከአገሩ ወጥተዋል፣ ሲመለሱ ደግሞ አዲስ እየገቡ ነው። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ቪዛ በመውጫዎ ያበቃል። ስለዚህ ሲያመለክቱ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባውን ዓይነት ይጠይቁ። የሜዲትራኒያኑም እንደዚሁ ነው፦ ከጣሊያን ተነስቶ ቱኒዚያን ወይም ቱርክን ነክቶ የሚመለስ መርከብ ብዙ መግቢያ ያለው የሼንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ይጠይቃል፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ለኢትዮጵያውያን ብዙ መግቢያ ያለው ቪዛ መስጠትን ስላገደ ለእኛ የሚቀለው ከሼንገን አገሮች የማይወጣ መስመር ነው፤ የቱርኩና የቱኒዚያው ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ይታያል።

«የመርከብ ተሳፋሪ ቪዛ አያስፈልገውም» የሚል ነገር ይሰማሉ። አባባሉ ለተወሰኑ ፓስፖርቶች ይሠራል፤ ለእኛ ይሠራል ብሎ መገመት ግን ያስከፍላል። ለኩባንያው ወይም ለወኪሉ የፓስፖርትዎን ዜግነት ጠቅሰው በኢሜይል ይጻፉ፣ ለእያንዳንዱ ወደብ በጽሑፍ መልስ ያግኙ፣ ከዚያም መልሱን ከየአገሩ ኤምባሲ ጋር ያመሳክሩ። አንዱ ቪዛ ቢጎድል ችግሩ የሚገለጠው ገና ቦሌ ላይ ወይም መርከቡ መግቢያ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ገንዘብ የሚመልስ የለም።

የሼንገን ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። አሻራ ሰጥተው የማያውቁ ከሆነ አዲስ አበባ በአካል መቅረብ አይቀርም። የሚያመለክቱት ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገቡበት። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘው የመርከብ ማረጋገጫ ሁሉንም ወደቦች ከነቀናቸው የሚዘረዝር ይሁን።

አሁን ይህን ከክፍያው ጋር ያገናኙት። የመርከብ ኩባንያዎች ቦታ ሲያዝ ቀብድ ይቀበላሉ፤ ሙሉ ክፍያ የሚፈልጉት ብዙውን ጊዜ ጉዞው ከ60 እስከ 90 ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲያ ጉዞውን ቢሰርዙ የሚመለስልዎ ገንዘብ እየቀነሰ ይሄዳል። መርከቡ መስከረም 30 (ኦክቶበር 10) ይነሳል እንበል። ማመልከቻው ከሚያዝያ 2 ጀምሮ ይቻላል፤ የ90 ቀኑ ክፍያ ሐምሌ 5 ላይ ይወድቃል። መልስ ለመስጠት በደንቡ 15 ቀን ቢባልም ለኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 45 ቀን ከፍ ተደርጓል፣ ቀጠሮ ማግኘትም የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ግንቦት ሳይጋመስ ወረቀቱን ያስገባ ሰው ሙሉውን ከመክፈሉ በፊት መልሱን የማወቅ ዕድል አለው። ሰኔ መጨረሻ ላይ የጀመረ ግን በጭፍን ነው የሚከፍለው። ቀብዱን ሲከፍሉም «ቪዛ ብከለከል ምን ያህሉ ይመለሳል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

ወደ መነሻ ወደብ በሌላ የአውሮፓ ከተማ በኩል የሚበሩም ይጠንቀቁ። ኢትዮጵያውያን በሼንገን አገሮች አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ዜጎች መካከል ናቸው።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። የቦታ ማረጋገጫው ላይ የሚሞላው ስም ፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው ቅደም ተከተልና ፊደል ይሁን፤ የአያት ስም በአንዱ ገብቶ በሌላው ከቀረ ያነጋግራል። በእኛ ባህል ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም ስላላቸው የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ልጅ ካለ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት በእንግሊዝኛ አስተርጉሞና አረጋግጦ መያዝ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። ፓስፖርቱ ከጉዞው ማብቂያ በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን። የቢጫ ወባ ካርድም አይረሳ፦ ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ይጸናል፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ዋጋውና ክፍሉ

የሚታየው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ የአንዱ ድርሻ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው እስከ እጥፍ ሊከፍል ይችላል። በዚያ ላይ የወደብ ግብርና በየቀኑ የሚታሰብ የአገልግሎት ክፍያ አለ። ለአንድ ሰው በቀን 15 ዶላር ቢሆን፣ ለሁለት ሰው በሰባት ቀን 210 ዶላር ይሆናል። መጠጥ፣ ኢንተርኔትና የወደብ ጉብኝት ገና አልተነኩም።

መርከቡ ላይ በጥሬ ገንዘብ አይገበያዩም። የፈጀው ሁሉ በክፍሉ ካርድ ይመዘገባል፤ ለዚያ መያዣ የባንክ ካርድ ወይም የጥሬ ገንዘብ ማስያዣ ይጠየቃል። ቅድመ ክፍያ ካርድ ላይ በየዕለቱ የሚታገደው ገንዘብ ከጉዞው በኋላም ለቀናት ሳይለቀቅ ሊቆይ ስለሚችል፣ ለመመለሻ ያሰቡትን ገንዘብ በዚያው ካርድ ላይ አያስቀምጡ። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ስለሚያስፈልግ ይህም ከቪዛው በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ክፍልን በተመለከተ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ በሀዋሳ ሐይቅ ጀልባ ላይ የሚያጥወለውለው ሰው ከመርከቡ መሃል፣ ከታችኛው ፎቅ ይምረጥ፤ ጫፎቹና ላይኞቹ ፎቆች የበለጠ ይወዛወዛሉ። የማቅለሽለሽ ክኒን የሚሠራው ቀድሞ ሲወሰድ ነው። እንቅልፍ ለሚነሳው ደግሞ ከላዩም ከታቹም መኝታ ክፍል ብቻ ያለበት ቦታ ይሻላል፤ ከጭፈራ አዳራሽ ወይም ከወጥ ቤት በታች ያለ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ሲጎተት ያሰማል።

ወደብ ላይ ምን ይታያል፣ በማን በኩል?

ምርጫው ሁለት ነው፦ ከመርከቡ ኩባንያ የሚገዛ ጉብኝትና በራስ የሚደረግ። ትልቁ ልዩነት የሚታየው ሲዘገዩ ነው። የኩባንያው አውቶቡስ መንገድ ላይ ቢዘጋበት መርከቡ ይጠብቃል፣ ወይም ተጓዦቹን ወደ ቀጣዩ ወደብ በራሱ ወጪ ያደርሳል። በራሱ የወጣን ሰው መርከቡ አይጠብቅም። በዋጋ በኩል ደግሞ የኩባንያው ጉብኝት የሚታሰበው በሰው ነው፣ ታክሲ ግን በመኪና። አራት የቤተሰብ አባላት ለአጭር መንገድ ታክሲ ቢጋሩ ሒሳቡ በጣም ይቀልላል። የሚያዋጣው መመዘኛ ይህ ነው፦ የአንድ ወገን መንገዱ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ከኩባንያው ይግዙ፣ ካነሰ በራስዎ ይውጡ።

ለዚህ የወደቡን ስም ማመን አይገባም። ሰንጠረዡ ላይ «ሮም» የተባለው ወደብ ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «ፍሎረንስ» የተባለው ሊቮርኖ ሲሆን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ጊዛ ፒራሚዶች የሚሄድ ሰው በደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ገደማ አውቶቡስ ውስጥ ይቀመጣል። በአንጻሩ ከፒሬየስ ወደ አቴንስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከኩሻዳሲ ወደ ጥንታዊቷ ኤፌሶን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለመንፈሳዊ ጉብኝት የሚጓዙ ከሆነ ኤፌሶንንና ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየባትን ፍጥሞ ደሴት ያካተተ መስመር መፈለግ ዋጋ አለው። ፍጥሞ ላይ ትልልቅ መርከቦች ባሕር ላይ መልሕቅ ጥለው ሰውን በትናንሽ ጀልባዎች ያመላልሳሉ። ይህ ወረፋ አለው፣ ደረጃ መውረድ አለው፣ ባሕሩ ከተቆጣ ደግሞ ማውረዱ ይሰረዛል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትና አባት ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መንገዱ ከአንድ ሰዓት ቢያልፍም «ሮም በራሴ እሄዳለሁ» ላለ ሰው፣ ሰዓቱን በቺቪታቬኪያ ምሳሌ በ24 ሰዓት አቆጣጠር እናስላ። መርከቡ 7:00 ይደርሳል፣ የመሳፈሪያው ማብቂያ 18:30 ነው፤ ወረቀት ላይ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ወርደው የወደቡን አውቶቡስ ይዘው ባቡር ጣቢያ እስኪደርሱ 8:45 ይሆናል። ሮም ሲገቡ 10:00። ባቡር ቢዘገይ ወይም ቢቀር ሁለት ሰዓት ይተርፍ ዘንድ 16:30 ላይ ወደቡ መድረስ አለብዎ፤ ስለዚህ ከሮም የሚነሱት 15:00 ገደማ ነው። በእጅዎ የቀረው አምስት ሰዓት ነው፣ ምሳን ጨምሮ። ለአንድ ትልቅ ቦታ ይበቃል፤ ቫቲካንንም ኮሎሲየምንም ካሉ ሁለቱንም በሩጫ ነው የሚያዩት። ጣሊያን ውስጥ የባቡር ሥራ ማቆም አድማ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቀኑ አስቀድሞ ስለሚነገር ከዋዜማው ያጣሩ።

ቀኑም እንደ ሰዓቱ ይታያል። የቫቲካን ሙዚየም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ነው። የሙስካቱ ታላቅ የሱልጣን ቃቡስ መስጊድ ሙስሊም ያልሆኑ ጎብኚዎችን የሚያስገባው ጠዋት ብቻ ሲሆን ዓርብ አያስገባም፤ መርከቡ ዓርብ ከደረሰ ከወደቡ አጠገብ ባለው የሙትራህ ገበያና ዳርቻ ቀኑን ማሳለፍ ይሻላል። በአቡ ዳቢው የሼክ ዛይድ መስጊድ መግቢያው ነጻ ነው፣ ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል። ሴቶች ፀጉርና ክንድን የሚሸፍን ረጅም ልብስ ይለብሳሉ፤ ነጠላችን ስስ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ሻሽ ይደረግ።

አሁን ለእኛ ብቻ የተዘጋጀ የሚመስለው ወጥመድ። ፕሮግራሙ ላይ 10:30 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4:30 ነው። በአበሻ ሰዓት አንብቦ ከሰዓት በኋላ የጠበቀ ጉብኝቱ ያመልጠዋል። የጉዞው ማስታወሻ ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፍ፣ አረጋውያንም ቀድመው ይለማመዱት። ሌላም አለ፦ ዱባይ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ ዶሃ ግን ከእኛ ጋር እኩል ናት። መርከቡ የዱባይን ሰዓት ይዞ ዶሃ ከቆመ፣ መሬት ላይ የወረደ ስልክ ሰዓቱን በራሱ ወደ ኋላ ይመልሳል። ስልክዎ 15:30 ሲል የመርከቡ ሰዓት 16:30 ነው። የሚታዘዙት ለመርከቡ ሰዓት ነው፤ ከስልክ ጋር ያልተያያዘ የእጅ ሰዓት በዚያ ተሞልቶ ይታሰር።

ጉብኝት ከውጭ አዘጋጅ ሲገዙ አንድ ጥያቄ አይቅር፦ «መርከቡ ወደቡን ቢዘል ገንዘቤ ይመለሳል?» የመርከብ ኩባንያ በነፋስ ወይም በጸጥታ ምክንያት ወደብ የመዝለል መብት በውሉ አለው። ከራሱ የተገዛው ጉብኝት ይመለሳል፤ የሌላው በአዘጋጁ ውል ይወሰናል።

ሻንጣና መነሻ

ጀበናው ይምጣ ከተባለ ለጌጥ ይሁን፤ ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ካውያ መርከብ ላይ በእሳት ምክንያት የተከለከሉ ናቸው። ጫት በኤምሬትስ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል፣ «ትንሽ ናት» ማለት አያድንም። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎችም እዚያ ቁጥጥር ይደረግባቸዋል፤ በሐኪም የታዘዘ ከሆነ የሐኪሙን ወረቀት ይዞ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። የባሕረ ሰላጤው ወቅት ከነቢያት ጾም ጋር፣ ወደ ማብቂያው ደግሞ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገናኝ፣ የሚጾም ሰው ቦታ ሲይዝ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ ብሎ ያስመዝግብ። «አትክልት ተመጋቢ» ብቻ ካሉ አይብና እንቁላል ይመጣል።

መርከቡ በሚነሳበት ቀን ከሀገር ቤት ለመብረር አይሞክሩ። ከሀዋሳ አዲስ አበባ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአገር ውስጥ በረራውም ሊሰረዝ ይችላል። አንድ ሌሊት አዲስ አበባ፣ አንድ ሌሊት በመነሻው ወደብ ከተማ ይያዝ። ዱባይ ላይ መርከቦች ከፖርት ራሺድም ከዱባይ ሐርበርም ስለሚነሱ የትኛው እንደሆነ ትኬቱ ላይ ይታይ። እንደተሳፈሩ ስልኩን ወደ በረራ ሁኔታ ይቀይሩት፤ የመርከቡ የሳተላይት ኔትወርክ የሚያስከፍለው ከተለመደው ሮሚንግ በላይ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መርከቡ ቢያመልጥዎ የሚያገኙት የወደብ ወኪሉን፣ ማለትም ኩባንያውን በዚያ ወደብ የሚወክለውን ሰው ነው። መርከቡ ከመሄዱ በፊት ፓስፖርትዎ ክፍልዎ ውስጥ ከቀረ የመርከቡ ሠራተኞች አውጥተው ለእሱ ሊተዉለት ይችላሉ፤ ወደ ቀጣዩ ወደብ የሚያደርስዎ ትኬት ግን ከኪስዎ ነው፣ ያ አገር በየብስ ወይም በአየር የሚያስገባ ቪዛ ከጠየቀም ሌላ ጭንቀት ይጨመራል። ስለዚህ የፓስፖርቱና የቪዛው ቅጂ፣ አንድ የባንክ ካርድና የአንድ ሌሊት መድኃኒት ከእጅ ቦርሳ አይለዩ። የወኪሉ ስልክ የሚገኘው በየምሽቱ ወደ ክፍል በሚመጣው የቀጣዩ ቀን ፕሮግራም ላይ ነው፤ ከመርከቡ ከመውረድዎ በፊት ፎቶ ያንሱት።