ልጅ ሲታመም ትምህርቱ እንዳይቋረጥ፦ አዲስ ወደ ሜሪላንድ ለመጡ ወላጆች

ባለፈው ወር አንዲት እናት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አስቆመችኝና ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ «ወንድሜ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ፤ ከትምህርት ቤት ፈርሚ ብለው ልከውልኝ ነው» አለችኝ። ከአገር ቤት ከመጣች ስድስት ወር ቢሆናት ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ጭኑ ተሰብሮ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቤት ተኝቷል። ወረቀቱን ገና ሳየው አወቅሁት፤ ከዓመታት በፊት እኔም ፈርሜበታለሁ፣ በዚያች ፊርማም የሴት ልጄ አምስት ሳምንት ትምህርት ባክኗል። የዚችን እናት ሳትፈርም ደረስንላት። በዚህ ዓመት ብቻ ይህንኑ ጉዳይ ያስረዳሁት ለአራተኛ ቤተሰብ በመሆኑና ከአራቱም አንደኛው ፈርሞ ካበቃ በኋላ የመጣ በመሆኑ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለሰፈራችሁ ወላጆች ሁሉ በጽሑፍ ማስቀመጥ ግድ ሆኖብኛል።

በሜሪላንድ በሕዝብ ትምህርት ቤት የተመዘገበ ልጅ በአካል ሕመም፣ በጉዳት ወይም በመንፈስ ጭንቀትና በመሳሰለው የስሜት ሕመም ምክንያት ክፍል ገብቶ መማር ሲያቅተው፣ ካውንቲው አስተማሪ መድቦ ባለበት እንዲያስተምረው የስቴቱ ደንብ ያስገድዳል። አገልግሎቱ በደንቡ ውስጥ «ሆም ኤንድ ሆስፒታል ቲቺንግ» ይባላል፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በበኩሉ «ኢንተሪም ኢንስትራክሽናል ሰርቪስስ» ይለዋል። ክፍያ አይጠየቅበትም። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ያልተቋጨላቸው ቤተሰቦች ስማቸው እንዳይነሳ ሲሉ ዝም ማለታቸውን አይቻለሁ፤ ሆኖም ልጅ ፈቃድ የለውም ተብሎ ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይከለከል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ወስኗል፤ ታሞ የተኛው ልጅም የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ነው።

ሙሉ ቀን ለሚማር ተማሪ ደንቡ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ሰዓት በሳምንት 6 ነው፤ ለግማሽ ቀን ተማሪ ደግሞ 3። ብዙ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ፣ እኔም አዝኜ ነበር። አንድ አስተማሪ ከአንድ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያሳልፈው ሰዓት ሠላሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ከሚያልፈው ሰዓት የበለጠ ፍሬ እንዳለው በኋላ ተረድቻለሁ። የቀረው ግን በቤት ሥራ የሚሞላ ነው፤ ስለዚህ ልጁ አቅም ባገኘ ሰዓት ደብተሩን እንዲገልጥ ማድረግ የወላጅ ድርሻ ይሆናል። አስተማሪው በሚመጣበት ሰዓት አዋቂ ሰው ቤት እንዲኖር ይጠበቃልና፣ ባልና ሚስት ሁለታችሁም በፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ ሰዓቱን ከመቀበላችሁ በፊት ተመካከሩ። አስተማሪ መጥቶ በር አንኳኩቶ ሲመለስ፣ ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ አይደለም።

አሁን ወደዚያ ወረቀት ልመለስ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አከርካሪዋ እየተጣመመ በመሄዱ ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። ሐኪሙ ከስድስት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ ትምህርት ቤት እንደማትሄድ አስቀድሞ ነግሮናል። ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤቱ ስለ ቀሪዋ ተደውሎ ተጠየቅሁ፤ እኔም በጊዜው በነበረኝ እንግሊዝኛ ልጄ ታማለች፣ ቤት ሆና ትማራለች አልሁ። ለማለት የፈለግሁት አስተማሪ ይላክላት ነበር። ያዳመጠችው ጸሐፊ ግን ልጄን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ራሴ ላስተምራት እንደወሰንሁ አድርጋ ተረዳችው፤ ፎርሙም በዚያው ሳምንት ደረሰኝ። በራሱ ላይ «ሆም ኢንስትራክሽን» የሚል ተጽፎበታል። ከሥሩ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ተዘርዝረዋል። እኔ ዝርዝሩን የሚመጣው አስተማሪ የሚያስተምራቸው ትምህርቶች አድርጌ ወሰድሁትና ደስ ብሎኝ ፈረምሁ። ዝርዝሩ እኔ፣ አባቷ፣ አስተምራታለሁ ብዬ ኃላፊነት የምወስድባቸው ትምህርቶች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ጠበቅን። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ። እየደወልሁ ማስቸገሩን ነውር አድርጌ ስላየሁት ዝም አልሁ። ይህም ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነገር ነው፤ እዚህ ግን ያልጠየቀ ሰው እንደማይፈልግ ይቆጠራል። በአምስተኛው ሳምንት ልጄ ራሷ ውጤቷን ለማየት ወደ ትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መዝገብ ልትገባ ብትሞክር አልከፍት አላት። ሄጄ ስጠይቅ በገዛ ፈቃዴ እንዳስወጣኋት ነገሩኝ። ፊርማዬን አሳዩኝ። መልሶ ለማስመዝገብ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የክትባት ማስረጃውንና ሌላውንም ሁሉ እንደ አዲስ ገቢ ማቅረብ ነበረብኝ። አስተማሪው ሲመደብ ልጄ ወደ ክፍሏ ልትመለስ የቀራት ጥቂት ነበር፤ የዚያን መንፈቅ የሒሳብ ትምህርት በክረምት መድገም ግድ ሆነባት። ከቀዶ ሕክምናው ሕመም ይልቅ ይህ እንዳስለቀሳት አልረሳም።

ስለዚህ ስሞቹን ለዩ። በአማርኛ ሁለቱንም «የቤት ትምህርት» ብለን ስለምንጠራቸው አስተርጓሚም ይሳሳትባቸዋል። «ሆም ኢንስትራክሽን» ወይም በተለምዶ «ሆምስኩሊንግ» የሚባለው ወላጅ ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቶ በራሱ ኃላፊነት የሚያስተምርበት ሥርዓት ነው። ለዚያ ወላጁ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ማስታወቂያ ያስገባል፤ ካውንቲውም የልጁን ሥራ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ እያየ ይገመግማል እንጂ አስተማሪ አይልክም። የታመመ ልጅ የሚያስፈልገው «ሆስፒታል» የሚለው ቃል ያለበት፣ ወይም በሞንትጎመሪ «ኢንተሪም» የሚል የተጻፈበት ፎርም ነው። በፎርሙ ላይ ሐኪም የሚሞላው ክፍል ከሌለ፣ ያ ፎርም የእናንተ አይደለም፤ አትፈርሙ። በቃል ስትናገሩም «ልጄ ከትምህርት ቤት አልወጣም፤ ታሞ ነው፤ ካውንቲው አስተማሪ እንዲልክለት እጠይቃለሁ» በሉ፤ ያንኑም በኢሜይል ጽፋችሁ ለካውንሰለሩ፣ ማለትም ተማሪዎችን ለሚያማክረው የትምህርት ቤቱ ባለሙያ፣ ላኩ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ። ትክክለኛውን ፎርም ከየት እንደምታገኙ የሚነግራችሁም ካውንሰለሩ ወይም የትምህርት ቤቱ ነርስ ነው።

የሐኪሙን ክፍል በተመለከተ፣ ለአካል ሕመም ፈቃድ ያለው ሐኪም ወይም ነርስ ፕራክቲሽነር (መርምሮ ማከም የሚችል ከፍተኛ ሥልጠና ያለው ነርስ)፣ ለስሜት ሕመም ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም መፈረም አለበት። ከድንገተኛ ክፍል የሚሰጠው «ለሦስት ቀን ትረፍ» የምትል ቁራጭ ወረቀት ለቀሪ ምክንያት ትሆን ይሆናል፤ ለዚህ ግን አትበቃም። የሕመሙ ዓይነት፣ ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ የማይችልበት ምክንያትና የሚመለስበት የታሰበ ቀን በግልጽ መሞላት አለባቸው። ካውንቲው የልጁን ሁኔታ ከሰማና የሐኪሙ ማረጋገጫ ከደረሰው ጀምሮ በ10 የትምህርት ቀናት ውስጥ አገልግሎቱን መጀመር አለበት። ልብ በሉ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ማረጋገጫው እጃቸው ከገባ በኋላ ነው። ፎርሙ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ቢተኛ ያ ሁለት ሳምንት አይቆጠርላችሁም። የሐኪም ቢሮዎች ፎርም በመሙላት ዳተኞች ናቸውና በየሁለት ቀኑ ደውሉ፤ ሲሞላም ለትምህርት ቤቱ ልከናል ማለታቸውን ብቻ አትመኑ፤ አንድ ቅጂ በእጃችሁ ተቀበሉና ራሳችሁ አድርሱ። እንደ ልጄ ቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ የተያዘለት ከሆነ ደግሞ ፎርሙን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማስሞላት ትችላላችሁ፤ ይህን አለማድረጌ ሁለተኛው ስሕተቴ ነበር። አገልግሎቱ ከተፈቀደ በ60 ቀን ውስጥ እንደገና ይታያል፤ ልጁ ካልዳነ ሐኪሙ ዳግመኛ ማረጋገጥ አለበት። ያ ቀን ሳይደርስ ቀጠሮ ያልያዘ ወላጅ አስተማሪው ሲቀርበት ሊያማርር አይገባም።

ቋንቋ ሰበብ ሊሆን አይገባም። በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ አስፈላጊ ጉዳዮችን በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለባቸው፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም በአማርኛ ያስተረጉማሉ። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ብሎ ስልኩን ይዞ መጠበቅ ይበቃል። የታመመውን ልጅ ወይም ታላቅ እኅቱን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ልማድ ሆኖብናል፤ ልጆች የማያውቁትን ቃል ይዘሉታል፣ ወላጅን ያስከፋል ያሉትንም ይሸሽጋሉ።

ከቢሮዎቹ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን በእኛው ዘንድ ያለው መደበቅ ነው። ልጅ ሲታመም ሰው እንዳይሰማ ብለን «ዘመድ ጥየቃ ሄዷል» የምንል አለን። የስሜት ሕመም ሲሆንማ ይብሳል፤ ከክፍሏ አልወጣም ያለች፣ ምግብ የተወች ልጅ እቤት ተቀምጣ ወራት ያልፋሉ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚነገረው ራስ ምታት ነው። የስቴቱ ደንብ የስሜት ሕመምን ከአካል ሕመም እኩል ያየዋል፤ የሕክምና መረጃም ያለ ወላጅ ፈቃድ እንደልብ የሚዘዋወር አይደለም። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም አሉ፤ እምነታችሁን አከብራለሁ፣ የእኔም እምነት ነው። ነገር ግን ሐኪም ሳያይና ትምህርት ቤት ሳያውቅ የሚያልፍ ሳምንት ያለ ምክንያት መቅረት ሆኖ ይመዘገባል፤ ሲደጋገምም ደብዳቤ፣ ከዚያም ጥሪ ያስከትላል። ጠበሉና ሕክምናው ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። ልጁን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱም ካውንቲው አስተማሪ ይዞ እንደማይከተላቸው አውቀው ይነሡ።

ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ መጀመሪያ የምትፈልጉት ሰው የክፍሉን ሶሻል ወርከር፣ ማለትም የታካሚ ቤተሰቦችን የሚያግዘውን የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው። ትልልቅ የሕፃናት ሆስፒታሎች ከትምህርት ቤቶች ጋር የሚሠሩበት መንገድ አላቸው፤ ሆኖም ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም። ከሜሪላንድ ብዙ ልጆች የሚታከሙት ዋሽንግተን ዲሲ በመሆኑ «የዲሲ ትምህርት ቤት ነው የሚመለከተው»፣ «አይ፣ የእናንተ ካውንቲ ነው» እየተባባሉ የሚገፋፉበት ጊዜ አለ። ሶሻል ወርከሩና ካውንሰለሩ እናንተ ባላችሁበት በአንድ ስልክ እንዲነጋገሩ አድርጉ፤ መልእክት አመላላሽ አትሁኑ። ዲሲ የሚኖሩ ቤተሰቦች በ2020 የወጣ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ አገልግሎቱን «ሆምባውንድ» በሚለው ስም ጠይቁ፤ እዚያም «ሆም ኢንስትራክሽን» ማለት ወላጅ ራሱ የሚያስተምርበት ነውና ወጥመዱ ያው ነው።

እስካሁን ያልሁት ለጊዜው ለታመመ ልጅ ነው። የአካል ጉዳት ያለበት ወይም ሕመሙ የሚመላለስበት ልጅ በዚህ አገልግሎት ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባም፤ አይኢፒ (ለአንድ ልጅ ለብቻው የሚዘጋጅ የልዩ ትምህርት እቅድ) ወይም የአካል ጉዳተኞችን መብት በሚመለከተው በ1973ቱ ሕግ ክፍል 504 መሠረት የሚዘጋጅ እቅድ እንዲኖረው በጽሑፍ ጠይቁ። አይኢፒ ያለው ልጅ ቤት ሲውል ደግሞ የንግግርም ሆነ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናው በዚያው ተረስቶ እንዳይቀር ስብሰባ አስጠሩ። አንዳንድ ትምህርት ቤት አስቸጋሪ የሚለውን ልጅ ቤት ቢቆይ ይሻላል ብሎ ሊያግባባችሁ ይችላል። የእኔ አስተያየት ጽኑ ነው፤ ሐኪሙ ቤት ይዋል ካላለ ልጁ ትምህርት ቤት ይዋል። በሳምንት ስድስት ሰዓት ለታመመ ልጅ መደገፊያ ነው እንጂ መራመድ ለሚችል ልጅ ትምህርት ቤት አይሆንም፤ ጓደኛም አይሆነውም።

የመመለሻው ቀን ሲቃረብም ዝም ብላችሁ አትላኩት። ሐኪሙ ልጁ መመለስ መቻሉንና ምን ማድረግ እንደሌለበት እንዲጽፍ አድርጉ፦ ከስፖርት ይቅር፣ ደረጃ አይውጣ፣ ሊፍት ይፈቀድለት፣ ከክፍል ወደ ክፍል ለመሄድ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይውጣ፣ ሁለት መጽሐፍ ይሰጠውና አንዱ ቤት ይቀመጥለት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግማሽ ቀን ቢማር የሚሻለው ከሆነ ያም ይጻፍ። ቤት ሲያስተምር የነበረው አስተማሪ የሰጠው ውጤት ለክፍሉ አስተማሪዎች መድረሱን በየትምህርቱ አንድ በአንድ አረጋግጡ፤ የዚያች የባለ ጭን ስብራት ልጅ እናት በዚህ ሳምንት እየሠራች ያለችው ይህንኑ ነው፣ ከአምስቱ አስተማሪዎችም ሦስቱ ውጤቱ እንዳልደረሳቸው ነግረዋታል።