የድሮ ጀልባ ሽንት ቤት እንዴት ይፈታል፣ እንዴትስ ይጠገናል

የጀልባችሁ ሽንት ቤት ፓምፑ አልገፋ አላችሁ? ወይስ ያፈሰሳችሁት ውሃ ቀስ እያለ ተመልሶ ሳህኑን ይሞላዋል? አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። በእጅ የሚሠራ የጀልባ ሽንት ቤት ውስጡ ሲታይ ቀላል ነገር ነው። አንድ ፒስተን፣ ጥቂት ጎማ፣ ሁለት ቱቦ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው የደረቀ ጎማና የተደፈነ ቱቦ ነው፤ ሳህኑማ እኛን ሁሉ ይሸኛል። ሥራው ትዕግሥት እንጂ ትልቅ ሙያ አይጠይቅም።

አደገኛው ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ስለሱ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ሽንት ቤቱ ከውጪው ውሃ ጋር የሚገናኘው በሁለት ቀዳዳ ነው። በቀጭኑ ቱቦ (ብዙ ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር ነው) የማጠቢያ ውሃ ይገባል። በወፍራሙ፣ ማለትም በ38 ሚሊ ሜትሩ፣ ቆሻሻው ይወጣል። ሁለቱም ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ወለል በታች ናቸው። 38 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ግን ከውሃው ወለል ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ክፍት ከቀረ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። በባልዲ ቀድታችሁ የምትደርሱበት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱንም የባሕር ቫልቮች (ቀዳዳዎቹ ላይ ያሉትን መክፈቻና መዝጊያዎች) ዝጉ። ከዘጋችሁ በኋላ ደግሞ አትመኗቸው። እኔ ባንዱ አሮጌ ጀልባ ላይ ክብ እጀታ ያለውን ቫልቭ እስኪቆም አዙሬ፣ ተዘጋ ብዬ ቱቦውን ላላ ሳደርገው ውሃው ፊቴ ላይ ፈነዳ። እጀታውም ዘንጉም በደንብ ይዞራል፤ ውስጥ ያለው መዝጊያ ግን ከዘንጉ ተቆርጦ ባለበት ቀርቷል። ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ስላላወጣሁት ብቻ መልሼ ገፋሁትና ተረፍኩ። የድሮ የናስ ቫልቭ ባሕር ውስጥ ሲኖር ዚንኩ እየተበላ ያልቃል፤ ብረቱ ሲፋቅ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሮዝ ካደላ ልቡ አልቋል ማለት ነው። ያንን ቫልቭ በጉልበት አትንኩት፤ ጀልባው ከውሃ ሲወጣ ይቀየር።

የመግቢያው ቫልቭ መዘጋቱን ለማወቅ የመውጫው ገና ክፍት ሳለ ዝጉትና ፓምፑን ግፉ። ውሃ መምጣቱን ካላቆመ አልተዘጋም። የመውጫውን ለማወቅ ደግሞ የቱቦውን ማሰሪያ ላላ አድርጉና ቱቦውን በጥቂቱ ብቻ ነቅነቅ አድርጉት። ቱቦ ውስጥ የቀረው ይፈሳል፣ ከዚያ መቆም አለበት። ካልቆመ መልሳችሁ ግፉና እሰሩት። ይህን ስትሠሩ ጫፉ የሾለ የእንጨት ውታፍ፣ በቀዳዳው ልክ የተዘጋጀ፣ እጃችሁ ሥር ይሁን። መሳሪያ ሳጥን ውስጥ ያለ ውታፍ እንደሌለ ቁጠሩት። ጀልባውን ከውሃ ማውጣት ከቻላችሁ ግን ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም፤ ምርጫው ካላችሁ አውጡት።

ከመፍታታችሁ በፊት በነበረው ቀን፣ ቫልቮቹን ገና ሳትዘጉ፣ ንጹህ ውሃ ሳህኑ ውስጥ እየጨመራችሁ ሠላሳ አርባ ጊዜ ግፉ። በማግስቱ አፍንጫችሁ ያመሰግናችኋል። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ታንክ ካለ አስቀድሞ ይመጠጥ፣ መስኮቱ ሁሉ ይከፈት፤ ከታንኩ የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው። በረኪና ካፈሰሳችሁበት ደግሞ አቼቶም ሆነ ሌላ አሲድ አታስከትሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሳንባ ያቃጥላል።

አሁን ወደ መፍታቱ። በስልካችሁ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ለዓመታት የተጣበቀ ወፍራም ቱቦ በመጎተት አይወጣም፤ እየጠመዘዛችሁ ከታገላችሁት የሚሰበረው የፕላስቲኩ አፍ ነው። ጨርቅ በፈላ ውሃ ነክራችሁ ጠቅልሉትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ለስለስ ሲል ይንሸራተታል። እምቢ ካለና ቱቦውን መቀየራችሁ ካልቀረ በስለት በቁመቱ ሰንጥቁት፤ ስለቱ ከሥር ያለውን አፍ እንዳይጭረው ብቻ ተጠንቀቁ፣ ጭረቷ በኋላ የምታፈስ እሷ ናት። ቱቦው ሲላቀቅ ጫፉን ቶሎ ወደ ላይ ቀና አድርጉና በፕላስቲክ ከረጢት እሰሩት፣ ሁልጊዜ የሚፈስ ነገር ይቀራል።

መቀመጫውን ከወለሉ ጋር የያዙት ብሎኖች በመፍቻ ብቻ አይላቀቁም፤ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት በዋዜማው ቀብታችሁ አሳድሩ። ዳዶው ከብሎኑ ጋር አብሮ ከዞረ በሴጌቶ ቁረጡት። መቀመጫውን በብረት ፈልቅቃችሁ አታንሱ፣ ፖርሴሊን በአንድ ነጥብ ሲገፋ ይሰነጠቃል። ለጎማ ቅያሪ ብቻ ከሆነ ግን ብዙዎቹ ላይ ፓምፑን ብቻውን ፈትቶ ማውጣት ስለሚቻል ሳህኑን አትድከሙበት።

ፓምፑን አውጥታችሁ ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ፍቱት። መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ በመውጫው ክርን ውስጥ ያለውን ጎማ ነው። ጆከር ቫልቭ ይሉታል። የዳክዬ አፍ የመሰለ፣ ቆሻሻው ሲገፋ ከንፈሩ የሚከፈት፣ ሲቆም የሚገጥም። ወደ መብራት አንሱትና በጀርባው በኩል እዩ። ጤነኛ ከሆነ ብርሃን አያሳልፍም። ያረጀው ከንፈሩ ተጣሞ፣ ጠርዙ ላይ እንደ ጥርስ ቆሻሻ ግራጫ ድንጋይ ይዞ፣ ሳትነኩት ተከፍቶ ይታያችኋል። ውሃው እየተመለሰ ሳህኑን የሚሞላው በአብዛኛው በዚያች ክፍተት ነው። አጥባችሁ አትመልሱት፣ ቀይሩት። አዲሱን ስትከቱ ከንፈሩ ወደ መውጫው ቱቦ ይዙር፤ ተገልብጦ ከገባ ፓምፑ ጨርሶ አይገፋም።

ቀጥሎ የፒስተኑን ኦሪንግ (ዙሪያውን የሚይዘውን ክብ ጎማ) እዩ፣ በድሮዎቹ ላይ ቆዳም ሊሆን ይችላል። ከደረቀ እጀታው ይከብዳል፣ ካለቀ ደግሞ ይቀልና ውሃ አይስብም። የሲሊንደሩን ውስጥ በጥፍራችሁ ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ኦሪንግ አያድነውም፣ ፓምፑ ራሱ ይቀየራል። በዘንጉ ዙሪያ የሚንጠባጠብ ካለ ጥፋቱ የላይኛው ማኅተም ጎማ ነው። ሁሉንም የያዘ የጥገና ኪት ለብዙ ሞዴሎች ይሸጣል፤ የሞዴሉ ስም ከጠፋ አሮጌዎቹን ጎማዎች ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ።

ድንጋዩን ላስረዳችሁ። ሽንትና የባሕር ውሃ ሲገናኙ ካልሲየም እየጠጠረ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በ38 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ ውስጥ አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ ቀዳዳ ቀርቶ አይቻለሁ። ፓምፑ የጠጠረው ለዚህ ነበር፤ ጎማው ምንም አልነበረውም። የፕላስቲክ ክፍሎቹን አቼቶ ውስጥ አሳድሯቸው፣ አረፋ እያወጣ ይለቃል። ቱቦውን ግን ውጭ አውጡና እያጠፋችሁ ሲሚንቶ ላይ ምቱት፣ ድንጋዩ እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ ይወርዳል። ከዚያ የሞቀ እርጥብ ጨርቅ በውጪው በኩል አሹበትና ጨርቁን አሽትቱ። ከሸተተ ሽታው የቱቦውን አካል አልፏል፣ ለሽንት ቤት ተብሎ በተሠራ አዲስ ቱቦ ቀይሩት።

ሁሉም ክፍት ሳለ ከውሃ መስመር በላይ ወጥቶ ታጥፎ የሚወርደውን የቱቦ መታጠፊያ፣ የአየር ቅስቱን ፈልጉ። አናቱ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቫልቭ አለች። ጨው ይደፍናታል። ከተደፈነች ውሃው በራሱ ስበት ወደ ውስጥ መውረድ ይጀምርና ሳህኑ ሞልቶ ይፈሳል፣ ጀልባ በዚህ መንገድ ወደብ ላይ እንደታሰረ ይሰጥማል። ፈትታችሁ በሞቀ ውሃ እጠቧት። ቅስቱ ከነጭራሹ ከሌለ ሽንት ቤቱን ሳትመልሱ በፊት አስገቡ።

ስትገጥሙ ጎማዎቹን የሲሊኮን ግሪስ ቀቡ። በፕላስቲኩ ላይ ያሉትን ብሎኖች በእጅ፣ በተሻጋሪ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ። ፖርሴሊኑ ሥር የጎማ ዋሸር ይግባ። ከውሃ በታች ባለው ቱቦ ላይ፣ አፉ ርዝመቱ ከፈቀደ፣ ሁለት ሁለት የማይዝግ ማሰሪያ እሰሩ። ማሰሪያው ላይ ማግኔት አስጠጉ፤ ጭምድድ አድርጎ ከያዘው አትጠቀሙበት።

የመግቢያውን ቫልቭ ክፈቱና በየመገጣጠሚያው ደረቅ ሶፍት ጠቅልሉ። ጠብታ በዓይን ሳይታይ ሶፍት ላይ ይታያል። ከዚያ የመውጫውን ክፈቱና ሃያ ጊዜ ግፉ፤ ሶፍቱን ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳችሁ እዩት። ደረቅ ከሆነ ሁለቱንም ቫልቮች ዝጉ። ከዚህ በኋላም ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ዝጉ። ጀልባውን ለሳምንት ጥላችሁ ስትሄዱ ደግሞ ንጹህ ውሃ በመግቢያው ቱቦ እስኪያልፍ ድረስ ግፉበት፤ ስትመለሱ የሚቀበላችሁ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚያ ቱቦ ውስጥ ቆሞ ከቀረው የባሕር ውሃ ነው።