ከአርዱዊኖ ወደ ፒዩር ዳታ፦ በትዝታ ቅኝት የሚጫወት መሣሪያ መሥራት

ፒዩር ዳታ ሣጥኖችን በመስመር እያገናኙ ድምፅ የሚሠሩበት ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሚለር ፓኬት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጀመረው ሲሆን በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ይሠራል፤ ደከም ያለ ላፕቶፕም አይከብደውም። እዚህ የምንሠራው ሁለት መዘውር፣ አንድ የብርሃን ሴንሰርና አንድ ቁልፍ ያለው አነስተኛ መሣሪያ ነው። አርዱዊኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) አራቱን ያነባል፣ በዩኤስቢ ይልካል፣ ፒዩር ዳታ ደግሞ በትዝታ ቅኝት ያሰማቸዋል። ድምፁን መሥራት ቀላሉ ክፍል ነው። ሰዓት የሚበላው ከአርዱዊኖ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው የቁጥር መስመር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ እንቆያለን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንጨርስ። የሣጥኖቹን ስም እዚህ በፊደላችን እንጽፋለን እንጂ ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው በላቲን ነው። የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ከጻፋችሁ ሣጥኑ አይፈጠርም፣ ጠርዙ በተቆራረጠ መስመር ይቀራል። በስሙ መጨረሻ ~ ያለበት ሣጥን ድምፅ ያሳልፋል፤ የሌለበት ቁጥርና ትእዛዝ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ምልክቷ ከተረሳች ሌላ ሣጥን ይፈጠራል፣ ወይም ምንም አይፈጠርም።

ዕቃው ይህ ነው፦ አርዱዊኖ ኡኖ ወይም ናኖ፣ ሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (መዘውሮቹ)፣ አንድ ኤልዲአር (የብርሃን ሴንሰሩ)፣ አንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ አንድ ተጭነው የሚለቁት ቁልፍ፣ ብሬድቦርድና ደርዘን ያህል ሽቦ። ሐዋሳ ላይ ሁሉን ከአንድ ሱቅ ካላገኛችሁ አርዱዊኖውን ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ ፖቴንሽዮሜትሩን ግን ከተጣለ ሬዲዮ ወይም ቴፕ መንቀል ይቻላል። ስትነቅሉ ጀርባውን አንብቡ። «ቢ10ኬ» የሚለው እኩል እየጨመረ ይሄዳል፤ ለእኛ የሚሆነው እሱ ነው። ከድምፅ መጨመሪያ የተነቀለው ብዙውን ጊዜ «ኤ» ነው፤ ኖታዎቹ ሁሉ በመዘውሩ አንድ ጫፍ ይታጨቃሉ። 100 ኪሎ ኦም የሆነውንም ተዉት፤ የአርዱዊኖ መለኪያ ከ10 ኪሎ ኦም ያልበለጠ ምንጭ ነው የሚፈልገው። ከዚያ ካለፈ የአንዱ መዘውር ንባብ በጎረቤቱ ላይ ይታያል።

የፖቴንሽዮሜትሮቹን ሁለት የዳር እግሮች ወደ 5 ቮልትና ወደ ግራውንድ፣ የመሃል እግራቸውን አንዱን ወደ ኤ0፣ ሌላውን ወደ ኤ1 አገናኙ። የኤልዲአሩ አንድ እግር 5 ቮልት ላይ፣ ሌላው ኤ2 ላይ ይግባ፤ ከኤ2 ወደ ግራውንድ ሬዚስተሩን አስቀምጡ። እንዲህ ሲሆን ብርሃን ሲጨምር ቁጥሩ ይጨምራል። ቁልፉ በፒን 2 እና በግራውንድ መካከል ይገባል። ለእሱ ሬዚስተር አያስፈልግም፤ አርዱዊኖ ውስጡ ያለውን ፑልአፕ (ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር) በኮድ ታበሩታላችሁ። ስለዚህ ቁልፉ ሲጫን 0፣ ሲለቀቅ 1 ይነበባል፤ ኮዱ ላይ ገልብጡት።

ኮዱ አጭር ነው። ሲሪያሉን (በዩኤስቢ ቁጥር የሚሄድበትን መስመር) በ9600 ፍጥነት ክፈቱ። በየ20 ሚሊሰከንዱ መጀመሪያ 255 የሚል አንድ ባይት ላኩ፣ ቀጥሎ ሦስቱን ንባቦች በተራ፣ በመጨረሻ ቁልፉን። አርዱዊኖ ከ0 እስከ 1023 ያነባል፣ አንድ ባይት የሚይዘው ግን እስከ 255 ነው፤ ስለዚህ ንባቡን ለ4 አካፍሉ፣ ውጤቱ ከ254 ከበለጠም 254 አድርጉት። 255 ለመነሻ ምልክትነት ብቻ ትቀመጣለች። አንድ መዘውር 255 ከላከ ፒዩር ዳታ አዲስ ዙር የተጀመረ ይመስለዋል፣ ቁጥሮቹም ቦታ ይቀያየራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። መላኪያው «ሲሪያል ራይት» መሆን አለበት እንጂ «ሲሪያል ፕሪንት» አይደለም። ፕሪንት ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ይልከዋል፦ 200 አንድ ባይት መሆኑ ቀርቶ 50፣ 48፣ 48 ሆኖ ይደርሳል። ፒዩር ዳታ ላይ ከ48 እስከ 57 ያሉ ቁጥሮች ብቻ፣ በመካከላቸውም 13 እና 10 ካያችሁ ችግሩ ይኸው ነው፤ ሽቦውን አትነካኩ።

ከአርዱዊኖ የሚመጡትን ባይቶች የሚቀበለው፣ ኮምፖርት የሚባለው ተጨማሪ ሣጥን ከፒዩር ዳታ ጋር አብሮ አይመጣም። «ፋይንድ ኤክስተርናልስ» በሚለው ምርጫ ፈልጉና አውርዱት፤ ምርጫው በቆዩት ስሪቶች በሄልፕ ሜኑ፣ በአዲሶቹ በቱልስ ሥር ነው። አንዴ ከወረደ ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጦ ኢንተርኔት ለሌለው ጓደኛ መስጠት ይቻላል፤ የእሱ ፒዩር ዳታ ግን እንደ እናንተው ባለ 64 ወይም ባለ 32 ቢት መሆኑን አረጋግጡ። ፎልደሩን በፕሪፈረንስ ውስጥ ወደ ፓዝ ዝርዝር ማስገባትም አይረሳ።

«ዲቫይስስ» የሚል መልእክት ወደ ኮምፖርት ስትልኩ የፖርቶቹን ዝርዝር ያወጣል። አርዱዊኖው በዝርዝሩ ከሌለ መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ በየቤቱ ሞልቷል። ቀጥሎ ድራይቨር ነው፤ በርካሽ የሚሸጡት አርዱዊኖዎች አብዛኞቹ ሲኤች340 የሚባል ቺፕ ስላላቸው የራሱን ድራይቨር ይፈልጋሉ። ፖርቱ ታይቶ አልከፈትም ካለ የአርዱዊኖ ሲሪያል ሞኒተር ክፍት ነው ማለት ነው፤ ዝጉት። ሊኑክስ ላይ ተጠቃሚው «ዳያልአውት» ቡድን ውስጥ መግባት አለበት። ኡኖ ፖርቱ በተከፈተ ቁጥር ራሱን እንደ አዲስ ስለሚያስነሳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰከንዶች ዝም ቢል አትደንግጡ።

አሁን ባይቶቹን መለየት። ከኮምፖርት ወደ «ሴሌክት 255» መስመር ሳቡ። የግራ መውጫው 255 ሲመጣ ባንግ (ቁጥር የሌለው የማስጀመሪያ ምልክት) ይሰጣል፤ እሱን «0» ወደሚል መልእክት፣ ከዚያ ወደ «ፍሎት» ሣጥን የቀኝ መግቢያ ላኩት። ፍሎቱ ወደ «+ 1» ይወርዳል፣ የ«+ 1» ውጤት ተመልሶ ወደ ፍሎቱ ቀኝ ይገባል፤ ይህ ቆጣሪያችን ነው። የሴሌክቱ የቀኝ መውጫ ሌሎቹን ቁጥሮች ወደ «ትሪገር ባንግ ፍሎት» ይልካል። ከትሪገሩ ቀኝ የሚወጣው ቁጥር ወደ «ፓክ 0 0» ቀኝ፣ ከግራው የሚወጣው ባንግ ወደ ቆጣሪው ግራ፣ የቆጣሪው ፍሎት ውጤት ደግሞ ወደ ፓኩ ግራ። ፓኩን «ራውት 0 1 2 3» ላይ ካሳረፋችሁ አራቱ ቁጥሮች በየመውጫቸው ይወርዳሉ። ትሪገሩን ትርፍ ነው ብሎ መዝለል አያዋጣም፦ ፒዩር ዳታ ውስጥ ሥራ የሚያስጀምረው የግራ መግቢያ ነው፣ የቀኙ ያስቀምጣል ብቻ፤ ትሪገር ደግሞ ሁልጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ይሰጣል። ያለ እሱ ፓኩ የአሁኑን ተራ ቁጥር ካለፈው ንባብ ጋር ሊያጣምር ይችላል።

ወደ ቅኝቱ እንምጣ። «ቴብል ቅኝት 15» የሚል ሣጥን ፍጠሩ፤ «ቅኝት» የሚለው ስምም በላቲን ይጻፍ። ከዚያ በነጠላ የላቲን ሴሚኮለን የሚጀምር መልእክት ሥሩ፦ የሠንጠረዡ ስም፣ 0፣ ቀጥሎ 48 50 52 55 57 60 62 64 67 69 72 74 76 79 81። መልእክቱ ሲጫን የሦስት ኦክታቭ ትዝታ ሜጀር ከዶ ተነሥቶ ሠንጠረዡ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያውን መዘውር ቁጥር ለ17 አካፍላችሁ ወደ «ታብሪድ» ላኩት፤ ክፍልፋዩን ራሱ ስለሚቆርጠው ከ0 እስከ 14 ያሉ 15 ደረጃዎች ታገኛላችሁ። ከታብሪዱ «ቼንጅ» (ቁጥሩ ሲለወጥ ብቻ ያሳልፋል)፣ ከእሱ «ኤምቶኤፍ»፤ የመጨረሻው ኖታውን ወደ ኸርዝ ይለውጠዋል።

ለሌሎቹ ቅኝቶች ከመነሻው ያለው ርቀት በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር፦ ትዝታ ማይነር 0 2 3 7 8፣ ባቲ 0 4 5 7 11፣ ባቲ ማይነር 0 3 5 7 10፣ አምባሰል 0 1 5 7 8፣ አንቺሆዬ 0 1 5 6 9። ለእያንዳንዱ አንድ መልእክት ሠርታችሁ በጠቅታ መቀያየር ነው። ክራር መቺ ጆሮውን እንጂ ፒያኖን አይከተልም፤ ሠንጠረዡ ደግሞ ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ይቀበላል። 64 ቦታ ላይ 63.8 እያስገባችሁ ከክራሩ ጋር እስኪገጥም ብትሞክሩ ውጤቱ ከፒያኖ ቅኝት የበለጠ ያረካል።

መዘውሩ በሁለት ኖታዎች ድንበር ላይ ሲቆም ድምፁ ወዲያ ወዲህ ይንቀጠቀጣል። ንባቡ በአንድ ቁጥር ከፍ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። መድኃኒቱ አርዱዊኖ ላይ ነው፦ ስምንት ንባብ ወስዳችሁ አማካዩን ያዙ፤ አዲሱ ቁጥር ቀድሞ ከተላከው ቢያንስ በ2 ካልራቀ አሮጌውን ላኩ።

ለድምፁ «ፌዘር~» ተጠቀሙ፤ ከኤምቶኤፍ የሚወጣው ቁጥር ወደ እሱ ይግባ። «ኦስክ~» ጥሩ ቢሆንም ንጹሕ ሳይን ስለሆነ ፊልተር የሚቆርጠው ነገር የለውም፤ ብርሃን ሲቀንስ ድምፁ ያንሳል እንጂ ጠባዩ አይለወጥም። የፌዘሩ ውጤት ከ0 እስከ 1 ስለሆነ በ«-~ 0.5» ወደ መሃል አምጡትና ከፍተኛ ድምፆችን ወደሚቆርጠው ፊልተር፣ ወደ «ሎፕ~» አስገቡት። የኤልዲአሩን ቁጥር በ12 አባዝታችሁ 200 ስትጨምሩ ከ200 እስከ 3,248 ኸርዝ ይሆናል፤ ወደ ሎፑ ቀኝ ይግባ። ሁለተኛው መዘውር ለ254 ተካፍሎ፣ በ«ፓው 2» አልፎ፣ ከ«ፓክ 0 30» ወደ «ላይን~» (ቁጥሩን ቀስ በቀስ የሚያሸጋግር) ሄዶ ድምፁን በ«*~» ያባዛል። ቁልፉ ከ«ቼንጅ» በኋላ ወደ «ሴሌክት 1 0» ይገባል፤ ሲጫን «1 20»፣ ሲለቀቅ «0 300» የሚሉ መልእክቶችን ወደ ሌላ ላይን~ ይልካል፣ እሱም በራሱ *~ ያባዛል። ቼንጁ ከተረሳ በየ20 ሚሊሰከንዱ አዲስ የ300 ሚሊሰከንድ መውረጃ ይጀመራል፣ ድምፁም መጥፊያው ይርቃል። ላይን~ ካልገባ በየጭነቱ ጠቅ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። መጨረሻ ላይ «*~ 0.1»፣ ከዚያ «ዳክ~» (ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያወጣው) በሁለቱም መግቢያዎች። ያቺን 0.1 ለመጀመሪያ ሙከራ አትንኳት፣ በተለይ ጆሮ ማዳመጫ ካደረጋችሁ።

ድምፁ ከተቆራረጠ በኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የዲሌይ ቁጥር ወደ 80 ሚሊሰከንድ ከፍ አድርጉና እስኪሰነጣጠቅ ድረስ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ዊንዶውስ ላይ ኤኤስአይኦ ድራይቨር መጫን መዘግየቱን በደንብ ያሳንሳል። ዝቅተኛዎቹ ኖታዎች ሳስተው ከተሰሙ የላፕቶፑ ስፒከር ነው፤ 48 ማለት 131 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ ትንንሽ ስፒከሮች አይችሉትም።

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር በቀን ለማሳየት ካሰባችሁ ኤልዲአሩ ፀሐይ ላይ 250 አካባቢ ደርሶ ይደርቃል፤ እጅ ቢጋርዱትም እምብዛም አይወርድም። የ10 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር በ1 ኪሎ ኦም ወይም በ470 ኦም ተኩት፤ አዳራሽ ስትገቡ መልሱት። ከአምፕሊፋየር ጋር ስታገናኙ «እምምም» የሚል የ50 ኸርዝ ድምፅ ከመጣ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ከጠፋ ምንጩ በሁለቱ ሶኬቶች መካከል ያለው የግራውንድ ዙር ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፣ ወይም በባትሪ ተጫወቱ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑና አርዱዊኖው ይቀጥላሉ፣ አምፕሊፋየሩ ግን ይጠፋል። መብራቱ እስኪመለስ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ዜሮ ላይ አድርጉት፤ እየተጫወተ ባለ ፓች (ባገናኘናቸው ሣጥኖች) ላይ በድንገት ሲነሣ ስፒከር ሊያበላሽ ይችላል።